ዕቁቡ ስፒከር ላይ ከመፍሰሱ በፊት...

በዚህ ገጽ ላይ እንደ ወትሮው የባልና የሚስት፣ የአማትና የምራት፣ የአከራይና የተከራይ ደብዳቤ ይበዛል፡፡ የዛሬው ግን ለየት ይላል፡፡ ባልና ሚስቱን ያጣላው ሦስተኛ ወገን ሰው አይደለም፤ ስፒከር ነው! ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቅርበው፡፡

«ትዳር ከያዝን 6 ዓመታችን ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችን፡፡ ባለቤቴ ለሠርግና ለልደት ድምፅ ማጉያ ያከራያል፡፡ አምና ዕቁብ ሲወጣልን ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ገዛ፡፡ ሳጥኑን ለሰፈራችን አናጺ የሌላ ሰው ሳጥን አሳይቶ ‹እንደዚህ አድርግልኝ› ብሎ አሠራው፡፡ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰላም የለንም፡፡ ድምፁ ዱም... ዱም... ይላል እንጂ ንግግር አይሰማም፡፡ አንድ ሠርግ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ‹አሜን› የሚለው ሰው ምን እንደተባለ እንኳ አልሰማም፡፡ ባለ ሠርጎቹ ከክፍያው ላይ ቀንሰው ሰጡት፡፡ አንድ ጓደኛው ‹ሳጥኑ አየር አጥሮታል፣ ብሳው› ብሎት ፊት ለፊቱን በሳው፤ ጭራሽ ባሰበት፡፡ አሁን ደግሞ ‹ስፒከሩ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ባለ 18 ኢንች መግዛት አለብን› ይላል፡፡ ሁለተኛው ዕቁባችን በሚቀጥለው ወር ይወጣል፡፡ እኔ ገንዘቡን ለልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር ያሰብኩት፡፡ ብሰጠው ቤታችን ይራቆታል፤ ብከለክለው ‹ሥራዬን ትንቂያለሽ› ይለኛል፡፡ ምን ይሻለኛል?»

ውድ እህታችን፣

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንናገር፡፡ ባለቤትዎ አባካኝ አይደሉም፤ እርስዎም ንፉግ አይደሉም፡፡ ሁለታችሁም የምትከራከሩት በግምት ነው፡፡ እሳቸው «ትንሽ ስለሆነ ነው» ይላሉ፣ ጓደኛቸው «አየር አጥሮት ነው» ይላል፣ እርስዎ «ገንዘባችን አለቀ» ይላሉ፡፡ ማንም ግን ስፒከሩን ራሱን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም፡፡ ስፒከር ደግሞ ከጠየቁት ይናገራል፡፡ መጠየቂያው ቴስተር፣ ሞባይል፣ ሁለት ሬዚስተርና አንድ ምሽት ነው፡፡

ስለዚህ ፍርዳችን እንዲህ ነው፤ ዕቁቡ ቢወጣም ለሁለት ሳምንት አይነካ፡፡ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለታችሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ስፒከሩን ለኩት፡፡ እሳቸው ሽቦውን ይያዙ፣ እርስዎ ቁጥሩን ይጻፉ፡፡ ከዚያ በኋላ የሚወስነው ጩኸት ሳይሆን ወረቀቱ ይሆናል፡፡

ሳጥን ለምን ልክ ያስፈልገዋል?

ብዙ ሰው የስፒከር ሳጥን መያዣ ብቻ ይመስለዋል፡፡ አይደለም! በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ነው፡፡ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ኋላ ሲሄድ አየሩ ይገፋዋል፣ ወደ ፊት ሲሄድ ይስበዋል፡፡ ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል፡፡ ስለዚህ ለአንዱ ስፒከር ልክ የሆነ ሳጥን ለሌላው ጠባብ ጫማ ነው፡፡ አናጺው የሌላ ሰው ሳጥን አይቶ ሲሠራ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የጎረቤትን እግር ለክቶ ለእርስዎ ጫማ እንደመስፋት ነው፡፡

ይህን ነገር በቁጥር ያስቀመጡት አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩ ሁለት መሐንዲሶች ናቸው፡፡ ኔቪል ቲል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1961 ቀዳዳ ስላላቸው ሳጥኖች አንድ ጥናት አሳተመ፡፡ ጥናቱ አሜሪካ ውስጥ በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ እንደገና የታተመው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1971 ነው፡፡ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሠራውን በ1972ና በ1973 አሳተመ፡፡ ዛሬ በዓለም ላይ የስፒከር ሳጥን የሚነድፍ ሁሉ የሚጠቀምባቸው ልኮች በሁለቱ ስም «ቲል-ስሞል» ይባላሉ፡፡

ለእናንተ የሚያስፈልጉት ሦስት ብቻ ናቸው፡፡ አንደኛው «ኤፍ-ኤስ» ነው፤ ስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚወዛወዝበት ድምፅ በኸርዝ፡፡ ሁለተኛው «ኪው-ቲ-ኤስ» ነው፤ ስፒከሩ ከተመታ በኋላ ቶሎ የሚቆም መሆኑን ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚቆይ መሆኑን የሚነግር ቁጥር፡፡ ሦስተኛው «ቪ-ኤ-ኤስ» ነው፤ የስፒከሩ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ልስላሴ ጋር እኩል እንደሆነ የሚነግር ልክ፡፡ ከጀርባው ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈው ከእነዚህ አንዱንም አይነግርዎትም፡፡ ዋት የሚናገረው ስፒከሩ ስንት ሙቀት እንደሚችል ነው፡፡

ምን ምን ይዘጋጅ?

ሀ. ዲጂታል ቴስተር፡፡ ልብ ይበሉ! በጣም ርካሾቹ የኤሲ ቮልት ልካቸው ከ200 ቮልት ነው የሚጀምረው፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፡፡ በኤሲ 2 ቮልት ወይም ሚሊቮልት የሚያነብ ይዋሱ፡፡

ለ. ሞባይል ስልክ፣ «ቶን ጄኔሬተር» ከሚባሉት ነጻ አፕሊኬሽኖች አንዱ የተጫነበት፡፡ ስልኩን ከጥሪ ውጪ ያድርጉት፤ በመሀል አማትዎ ቢደውሉ ስፒከሩ ይደነግጣል!

ሐ. የተለመደው አምፕሊፋየራችሁ፡፡ ቤዝ፣ ትሬብልና ኢኳላይዘር ሁሉ መሀል ላይ ይሁኑ፡፡ አንድ ቻናል ብቻ ይሠራል፡፡

መ. አንድ ባለ 1000 ኦም (1 ዋት) እና አንድ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር፡፡ የሁለቱ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም፡፡

ሠ. 40 ግራም የብየዳ እርሳስ፡፡ ሚዛን ከሌላችሁ ወርቅ ቤት ጎራ ብላችሁ አስመዝኑት፤ ከወርቅ ቤት ሚዛን የሚበልጥ የለም፡፡ ሳንቲም ግን አትጠቀሙ፡፡ ብረትነት ያለውን ሳንቲም የስፒከሩ ማግኔት ስለሚስበው ልኩ ይበላሻል፡፡

አለካኩ

ከዚህ በታች የምንሰጠው ቁጥር ለምሳሌ ነው፡፡ የእናንተ ስፒከር የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፡፡

1ኛ. ስፒከሩን ከሳጥኑ አውጡት፡፡ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን በሁለት ከባድ በርጩማ መሀል አሳርፉት፡፡ ከሥሩ ክፍት ይሁን፣ ከግድግዳም ይራቅ፡፡ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በመጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካኩ፤ 0.3 ካለ የሽቦው ነው፡፡ ከዚያ የስፒከሩን ሁለት እግሮች ለኩ፤ 6.3 ካለ 0.3 ቀንሱና 6 ኦም ብላችሁ ጻፉ፡፡ 8 ኦም የተባለ ስፒከር 6 ኦም አካባቢ ማሳየቱ ጤነኛ ነው፡፡ ምንም ካላነበበ ግን ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል፡፡

2ኛ. ከአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ አንዱን ሽቦ በ1000 ኦሙ ሬዚስተር በኩል አሳልፉት፡፡ በስፒከሩ ቦታ መጀመሪያ 10 ኦሙን ሬዚስተር አያይዙ፡፡ ስልኩ ላይ 100 ኸርዝ ክፈቱ፡፡ ድምፁን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና በ10 ኦሙ ላይ ያለው ቮልት 0.100 ሲሆን አቁሙ፡፡ ከእንግዲህ ቁልፉን ማንም አይንካው! አሁን ቴስተራችሁ ኦም ቆጣሪ ሆኗል፤ 0.100 ማለት 10 ኦም፣ 0.200 ማለት 20 ኦም ገደማ ነው፡፡ ስልኩን ከ20 እስከ 200 ኸርዝ አመላልሱት፡፡ ንባቡ ሳይነቃነቅ ከቆየ አምፕሊፋየሩም ቴስተሩም ይታመናሉ፡፡ ታች ላይ ከወደቀ ግን አንዳቸው ዝቅተኛውን ድምፅ አይችሉትም ማለት ነውና ሌላ ፈልጉ፡፡

3ኛ. 10 ኦሙን አንሱና ስፒከሩን አያይዙ፡፡ ከ200 ኸርዝ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፡፡ ቮልቱ ሲጨምር፣ ሲጨምር ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ጫፍ ይነካና ይወርዳል፡፡ በአንድ በአንድ ኸርዝ እየተመላለሳችሁ ጫፉን ያዙት፡፡ በእኛ ምሳሌ ጫፉ 40 ኸርዝ ላይ ነው፤ ቮልቱ 0.540፣ ማለትም 54 ኦም፡፡ ኤፍ-ኤስ ተገኘ፤ 40!

4ኛ. 54ን ለ6 አካፍሉ፤ 9 ይሆናል፡፡ የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው፡፡ 3ን በ6 አባዙ፤ 18 ኦም፡፡ አሁን ከጫፉ በታችና በላይ ቴስተሩ 0.180 የሚልባቸውን ሁለት ቦታዎች ፈልጉ፡፡ በእኛ ምሳሌ 32 እና 50 ኸርዝ ናቸው፡፡ መፈተኛው ቀላል ነው፤ 32 ሲባዛ በ50 1600 ይሆናል፣ የዚያ ስኩዌር ሩት 40 ነው፡፡ ከኤፍ-ኤሱ ጋር ገጠመ፡፡ ካልገጠመ እጃችሁ አንድ ቦታ ስቷልና ድገሙት፡፡

5ኛ. 40ን በ3 አባዙ፤ 120፡፡ በሁለቱ ልዩነት በ18 አካፍሉ፤ 6.67፡፡ ይህንን ለ9 ስታካፍሉት 0.74 ይመጣል፡፡ ኪው-ቲ-ኤስ ይኸውላችሁ!

6ኛ. የብየዳውን እርሳስ እንደ ቀለበት ጠምጥማችሁ ስፒከሩ መሀል ካለው ጉብ ያለ ቆብ ዙሪያ በቀስታ አስቀምጡ፡፡ እንዳይንጫጫ በቀጭን ፕላስተር ያዝ አድርጉት፡፡ ጫፉን እንደገና ፈልጉ፡፡ ክብደት ስለጨመረ ይወርዳል፤ በእኛ ምሳሌ 31 ኸርዝ ሆነ፡፡ 40ን ለ31 አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ 1 ቀንሱ፤ 0.665፡፡ 40 ግራሙን ለ0.665 ስታካፍሉት 60 ግራም፡፡ ይህ የሚንቀሳቀሰው የስፒከሩ ክፍል ክብደት ነው፡፡ እንግዲህ ስፒከሩን ሳንገነጣጥል መዘንነው ማለት ነው!

7ኛ. የወረቀቱን ስፋት ከጠርዙ ላስቲክ መሀል እስከ ተቃራኒው ላስቲክ መሀል ለኩ፡፡ 26 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹ 13 ነው፤ 13 በ13 በ3.14 ሲባዛ 531 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ይሆናል፡፡

አዲስ አበባ ላይ አየሩም ልዩ ነው

አሁን ቪ-ኤ-ኤስን እናስላ፡፡ እዚህ ላይ ባለቤትዎን የሚያስገርም ነገር አለ፡፡ የአየሩ ሞላነት የሚወሰነው በአየሩ ግፊት ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ እዚህ ሳጥን ውስጥ የሚታሰር አየር ከጅቡቲው ወይም ከዱባዩ ይልቅ ይለሰልሳል፡፡ ፋብሪካ በወረቀት የሚያትመው ቪ-ኤ-ኤስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል አየር የተሰላ ነው፡፡

ሒሳቡ እንዲህ ነው፡፡ 531ን በራሱ አባዙ፣ በ27 አባዙ፡፡ ከዚያ 40 በ40 በ60 ተባዝቶ በሚመጣው ቁጥር አካፍሉ፡፡ መልሱ 79 ከምናምን ይመጣል፤ 80 ሊትር እንበለው፡፡ ያ 27 የሚለው ቁጥር የአዲስ አበባ ነው፡፡ ለባሕር ወለል 36 ነው፤ ስፒከሩ እዚያ ቢለካ 106 ሊትር ይሆን ነበር፡፡ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ 29፣ ለድሬዳዋ 31 ውሰዱ፡፡

የ«ዱም ዱም» ምስጢር

አሁን ሳጥኑን እንመልከት፡፡ የውስጡን ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙና ለ1000 አካፍሉ፤ ሊትር ይሰጣችኋል፡፡ 40 ሊትር ነው እንበል፡፡ 80ን ለ40 ስናካፍል 2፣ 1 ስንጨምር 3፣ ስኩዌር ሩቱ 1.73፡፡ 0.74ን በ1.73 ስናባዛ 1.28፤ 40 ኸርዝን በ1.73 ስናባዛ 69 ኸርዝ ይሆናል፡፡

ይህ 1.28 ነው እንግዲህ ጠላታችሁ! ቁጥሩ 0.7 ሲሆን ድምፁ ሜዳ ነው፡፡ 1 ሲሆን ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ለሙዚቃ ደስ ይላል፡፡ 1.28 ሲሆን ግን 83 ኸርዝ አካባቢ 3 ዲሲቤል የሚጠጋ ጉብታ ይፈጠራል፡፡ የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 155 ኸርዝ ገደማ ነው፡፡ ሽማግሌው «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ...» ሲሉ ጉብታው ላይ ይወድቅና ምርቃቱ ዱም ዱም ሆኖ ይቀራል፡፡

ጓደኛቸው ያስበሱት ቀዳዳስ? ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ የሚሰማውን ድምፅ ያስታውሱ፡፡ በ40 ሊትር ሳጥን ላይ፣ በ18 ሚሊ ሜትር እንጨት፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ቢበሳ ሳጥኑ በ80 ኸርዝ አካባቢ እንደዚያ ጠርሙስ ያስተጋባል፡፡ በጉብታ ላይ ጉብታ! ቀዳዳ መጥፎ ነው ማለታችን ግን አይደለም፡፡ ኪው-ቲ-ኤሱ ከ0.3 እስከ 0.45 ለሚሆን ስፒከር ርዝመቱ በስሌት የወጣ ቱቦ ያለው ቀዳዳ ብዙ ቤዝ ይሰጣል፡፡ 0.74 ለሆነ ስፒከር ግን የተዘጋ ሳጥን ነው የሚስማማው፡፡

ሒሳቡን ካላመናችሁ መፈተኛ አለው፡፡ ቀዳዳውን በእንጨትና በኮላ ድፈኑት፣ ስፒከሩን መልሳችሁ እሰሩ፣ ያንኑ ልኬት ድገሙ፡፡ ጫፉ 69 ኸርዝ አካባቢ ከመጣ ሒሳቡ እውነት ተናግሯል፡፡ ከራቀ አንድም ሳጥኑ አየር ያስወጣል፣ አንድም ልኬቱ ስህተት አለው፡፡ ይህንን ሳታረጋግጡ አንድም እንጨት እንዳይቆረጥ! «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ?

ታዲያ ስንት ሊትር ይሁን?

የምንፈልገው 1 ነው እንበል፡፡ 1ን ለ0.74 ስናካፍል 1.35፤ በራሱ ሲባዛ 1.82፤ 1 ሲቀነስ 0.82፡፡ 80ን ለ0.82 ስናካፍል 97 ሊትር ገደማ፡፡ ስፒከሩ ራሱና የውስጥ ድጋፍ እንጨቱ የሚይዙትን 5 ሊትር ጨምሩ፤ 102፡፡ በውስጥ ልክ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 36፣ ቁመቱ 71 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይህንኑ ይሰጣል፡፡ እንጨቱ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ መጋጠሚያው ሁሉ በኮላና በቪቴ ይታሠር፣ መሀሉ ላይ ድጋፍ ይግባበት፡፡ አየር የሚያስወጣ ስንጥቅ ካለ የተዘጋ ሳጥን ትርጉም የለውም፡፡ ያው ስፒከር ጅቡቲ ውስጥ ቢሠራ 129 ሊትር ያስፈልገው ነበር፡፡ ከፍታው 30 ሊትር ያህል እንጨት አተረፈላችሁ!

አንድ ነገር እንጨምር፡፡ ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ የምትዘረጉት ሽቦ ቀጭንና ረጅም ከሆነ የሽቦው ኦም ያንን 0.74 ወደ ላይ ይገፋዋል፡፡ ወፍራም ሽቦ ቅንጦት አይደለም፡፡

ለዚህ ቅዳሜ ሠርግ ካለባችሁስ?

አናጺ እስኪገኝ ሥራ አይቆምም፡፡ ቀዳዳውን ዛሬውኑ ድፈኑ፡፡ ኢኳላይዘሩ ላይ 80 ኸርዝ የሚለውን በ3 ዲሲቤል ዝቅ አድርጉ፡፡ ሚክሰሩ ላይ የማይክሮፎኑ መስመር «ሎው ከት» የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑት፤ ለንግግር የማያስፈልገውን የታች ድምፅ ይቆርጣል፡፡ በዚህ ብቻ ምርቃቱ መሰማት አለበት፡፡ እንዲያውም የእንጨት ገንዘብ ከሌላችሁ ለጊዜው በዚሁ መቆየት ይቻላል፡፡

ከወረቀቱ በኋላ ገንዘቡ የት ይሂድ?

ቁጥሩ ሲመጣ ከአራቱ አንዱ ይሆናል፡፡

— ኪው-ቲ-ኤሱ ከ0.5 በላይ ሆኖ ሳጥኑ ጠባብ ከሆነ፣ ወጪው የሁለት ሳጥን እንጨትና የአናጺ ዋጋ ነው፡፡ አዲስ ስፒከር አያስፈልግም፡፡

— ከ0.3 እስከ 0.45 ከሆነ፣ ቀዳዳው ይቆይ፤ ግን ቱቦውና ሳጥኑ በስሌት ይሠራ፡፡ ዊን-አይ-ኤስ-ዲ የሚባል ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሦስቱን ቁጥሮች ስታስገቡለት ያሰላዋል፡፡ የሳጥኑን ሊትር ግን በአዲስ አበባው ቪ-ኤ-ኤስ አስሉት፡፡

— ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ በጣም ከተለያዩ ወይም አንዱ ወረቀቱን በእጅ ቀስ ብለው ሲገፉት የሚፋቅ ድምፅ ካለው፣ ጥገና ቤት ይሂድ፡፡ የታመመን ስፒከር የትኛውም ሳጥን አያድነውም፡፡

— ሁሉም ተስተካክሎ ድምፁ ጠርቶ፣ ነገር ግን ትልቅ ድንኳን ጫፍ ላይ ካልደረሰ፣ ያን ጊዜ ባለቤትዎ እውነት አላቸው፡፡ ይህ ልኬት የሚናገረው ስለ ድምፁ ቅርጽ እንጂ ስለ ጉልበቱ አይደለም፡፡ ባለ 12 ኢንች የተዘጋ ሳጥን ለ500 ሰው ድንኳን ቢያንስ አይፈረድበትም፡፡ ሲገዙ ግን ነጋዴውን «ስንት ዋት ነው?» ሳይሆን «ኤፍ-ኤስ፣ ኪው-ቲ-ኤስና ቪ-ኤ-ኤሱ የተጻፈበት ወረቀት አለው?» ብለው ይጠይቁ፡፡ ባለ 18 ኢንቹ ያለ ልክ ቢገዛና ያው አናጺ በዓይን ለክቶ ቢሠራለት፣ ያው ዱም ዱም በትልቁ ነው የሚመጣው፡፡

ለእርስዎ ለብቻዎ ደግሞ

እህታችን፣ ትምህርት ቤቱ ቀን አለው፤ ካለፈ ይቀጣል፣ ልጅቷንም ያሳፍራል፡፡ ስፒከሩ ቀን የለውም፡፡ ስለዚህ ከዕቁቡ ላይ መጀመሪያ የልጅቷ ክፍያ ይነሳ፡፡ ከሚተርፈው የሳጥኑ እንጨት ይገዛ፡፡ ባለ 18 ኢንቹን ግን የኪራይ ሥራው ራሱ ይግዛው፡፡ ለሥራው የተለየ ደብተር ክፈቱለት፤ ከእያንዳንዱ ሠርግ ገቢ ላይ የተወሰነ ይቀመጥለት፡፡ ሥራው ራሱን ማሳደግ ከቻለ እርስዎም ደስ ይልዎታል፤ ካልቻለም በጊዜ ታውቁታላችሁ፡፡

ይህንን ሲነግሯቸው ግን አነጋገሩን ይምረጡ፡፡ «አልሰጥም» ብለው አይጀምሩ፡፡ «እስኪ በመጀመሪያ አብረን እንለካው» ይበሉ፡፡ «ሥራዬን ትንቂያለሽ» የሚል ሰው፣ ሚስቱ ማታ ከጎኑ ቁጭ ብላ «አርባ ኸርዝ... ሃምሳ አራት ኦም...» እያለች ስትጽፍለት ቢያንስ ያንን ቃል አይደግምም፡፡ እሳቸውም ቢሆኑ ይህንን ካነበቡ፣ ባለቤትዎ የተጨነቁት ስለ ሥራዎ ክብር ጭምር መሆኑን ይወቁልን፤ ምርቃቱ አለመሰማቱን ያስተዋሉት እሳቸው ናቸውና፡፡

የለካችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩልን፤ የሳጥኑን ልክ አብረን እናወጣለን፡፡ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!